የሞሪኦ ሁለት ሽቶዎች

ናጉራ ሞሪኦ በአፍንጫው የሚታማ ሰው አይደለም። በጃፓኗ የባሕር ከተማ በኑማዙ ወደብ ዓሣ የሚያራግፉት ሁሉ ያውቁታል። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንዴ ሳብ ካደረገ፣ ዓሣው ዛሬ የተያዘ ይሁን በረዶ ላይ ያደረ ቁርጡን ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። ቢሳሳትም የሚነግረው አያገኝም፤ በዚያ ከተማ ሰውን ፊት ለፊት ተሳስተሃል ማለት ነውር ነው። የፀጉር አስተካካዩ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያደረ እንደሆነ፣ ጎረቤቶቹ ጠዋት «ውሻዎ እንዴት ያለ ጤነኛ ነው» ይሉታል እንጂ እንቅልፍ ነሳን አይሉትም። እሱም ገብቶት ውሻውን ወደ ጓሮ ያዛውራል። ሰው የሚኖረው እንዲህ እየተጠቃቀሰ ነው።

ሞሪኦ የሚሠራው አጂ ከምትባል ትንሽ ዓሣ ቋንጣ ነው። መዳፍ የምታህለውን አጂ ጎሕ ሲቀድ ሆዷን ሰንጥቆ ይከፍታትና ከአባቱ በወረሰው የጨው ውሃ ውስጥ ይነክራታል፤ ከዚያ በሽቦ ወንፊት ላይ ደርድሮ ለባሕሩ ነፋስ ይሰጣታል። የጨው ውሃው ተደፍቶ አያውቅም። ሲጎድል እየተሞላ፣ ሲቀጥን ጨው እየተጨመረበት ከአባት ለልጅ የተላለፈ ነው። ጎረቤቶች ስለዚህ ውሃ ሲያወሩ «ታሪክ ያለው ነው» ይላሉ። እህቱ ቶኪኮ ግን «ይገማል» ትላለች። ቶኪኮ ባሏን ፈትታ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ቋንጣውን ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ የምትሸጠው እሷ ናት። ምላሷ ከወንድሟ ቢላዋ የተሳለ ነው፤ ደንበኛ ግን ይወዳታል፤ በከተማው ውስጥ የልቧን የምትናገር እሷ ብቻ ስለሆነች እንደ ትርኢት ያዩዋታል።

የሞሪኦ ሚስት ያኤ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ከባሕሩ ወደ ወንፊቱ፣ ከወንፊቱ ወደ ምንጣፉ ሆኖ ነበር። ለውጥ የመጣው በጠዋቱ ስፖርት ነው። ሐምሌ ሲገባ ባሕሩ ዳር ባሉት ጥዶች ሥር ሬዲዮ ይከፈትና የሰፈሩ ሰው ተሰልፎ እጅና እግሩን ያፍታታል። ሞሪኦ ወገቡን ስላመመው ሐኪም አዞት ነው የሄደው። የሄደበትን ወገብ የረሳው ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም ከጎኑ የምትሰለፈው ሴኪ ሚሳኦ ነበረች።

ሚሳኦ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ላውንደሪ አላት። ባሏ ሲሞት ሱቁን ትሸጠዋለች ብሎ ሁሉም ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ካውያውን አንስታ ቀጠለች። ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ስትስቅ ድምፅ የማታሰማ ሴት ናት። ሞሪኦ እጅ ወደ ላይ ሲባል እሷን በዓይኑ ጥግ እያየ ያነሳል፤ እጅ ወደ ታች ሲባል ማውረዱን ይረሳዋል። ስፖርቱ ሲያልቅ እስከ መንገዱ መታጠፊያ አብረው ይሄዳሉ። ስለ አየሩ ያወራሉ። ስለ አየሩ እንዲህ ብዙ የሚወራ ነገር እንዳለ ሞሪኦ በስልሳ ዓመቱ ገና ማወቁ ነው።

በወሩ መጨረሻ በካኖ ወንዝ ላይ ርችት ይተኮሳል። ሞሪኦ ያኤ ከሞተች ጀምሮ ርችት አይቶ አያውቅም፤ መስኮቱን ዘግቶ ድምፁን ብቻ ይሰማል። ዘንድሮ ሚሳኦን ርችቱን አብረን እንይ ሊላት ቆረጠ። ነገሩ ቀላል አይደለም። ወንዙ ዳር ምንጣፍ አንጥፈው ጎን ለጎን ተቀምጠው የታዩ ሁለት ጎልማሶች፣ በማግስቱ በዳቦ ቤቱም በፀጉር ቤቱም ስማቸው አብሮ ይነሳል። መጠየቅ ማለት ያንን ሁሉ መጠየቅ ነው። እሷም እሺ ብትል ያንን ሁሉ እሺ ማለቷ ነው። ጨው የሚቸግረው ሰው አይደለም፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጠየቅ ግን አቃተውና ነገ ነገ እያለ ቀኑን ገፋው።

በዚህ መሐል ስጦታው መጣ።

ሰኔ ላይ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ የሚሳኦ ሱቅ የብረት በር ከሐዲዱ ወጥቶ ተጣብቆ ነበር። ሞሪኦ መሣሪያውን ይዞ ሄዶ ሲታገል ውሎ አስተካከለላት። ውለታ ለዋለ ሰው በሙቀቱ ወራት አጋማሽ ስጦታ መላክ የቆየ ወግ ነው። ሰዎች ቀጫጭን ኑድል ይልካሉ፤ ዘይትም ጁስም ይልካሉ። ከሚሳኦ የመጣው ግን፣ በነጭ ወረቀት በወጉ ተጠቅልሎ፣ ስሟ በቀለም ተጽፎበት፣ አንድ ሳጥን ሳሙና ነበር።

ሞሪኦ ሳጥኑን ከፍቶ ሳሙናዎቹን አየና ወዲያው መልሶ ከደነው። ወገቡ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰበት መሰለው። ጠዋት ጠዋት ከጎኗ ተሰልፎ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ፣ ያ ታሪክ ያለው የጨው ውሃ ከብብቱ እየተነሳ ስንት ቀን ደርሷት ይሆን? ስታዝን፣ ስትታገሥ ቆይታ፣ በመጨረሻ እንዲህ በጨዋ ደንብ ነገረችው። ውሻዎ ጤነኛ ነው እንደማለት።

ቶኪኮ ሳሙና ሁሉም ሰው የሚልከው ነገር መሆኑን፣ እነሱም ራሳቸው ለሐኪሙ ሚስት ልከው እንደሚያውቁ አስታወሰችው። አልሰማትም። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሐል መርጣ ለምን ሳሙና አለ። የልብሱ ቁምሳጥን ጥግ ሳጥኑን ወሸቀና በማግስቱ ስፖርቱን ቀረ። በሦስተኛውም ቀረ። ይባስ ብሎ ስጦታው ደረሰኝ፣ አመሰግናለሁ ብሎ አልደወለም። ይኼ በዚያ አገር ከመሽተት የባሰ ነውር ነው። ቶኪኮ ደውል ብላ ብትጨቀጭቀው፣ ምን ብዬ፣ መሽተቴን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ ልበላት ወይ ብሎ ዘጋት። ስልኩ አጠገብ በተቀመጠ ቁጥር ይነሳና ያልቆሸሸ ወንፊት ያጥባል።

ርችቱ ሲቃረብ ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት። ሽታው ከሄደ ነገሩም ይሄዳል። አንድ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ለቶኪኮ ባንክ ቤት ነው ብሎ ዋሽቶ፣ በአውቶቡስ ወደ ትልቁ የገበያ ሕንፃ ሄደ። ሽቶ የሚሸጥበት ክፍል ውስጥ ወንድ የሚባል እሱ ብቻ ነበር። ፀጉሯን ወደ ኋላ የጎተተች አንዲት ሻጭ ጎንበስ ብላ ተቀበለችው። ሞሪኦ ለሙቀት የሚሆን፣ ቀለል ያለ፣ ንጹሕ ንጹሕ የሚል ነገር እንደሚፈልግ፣ የሚገዛውም ለወንድሙ መሆኑን ነገራት።

«ወንድምዎ ሥራቸው ምንድን ነው?» አለች።

«ዓሣ።»

«ዕድሜያቸውስ?»

«የእኔን ያህል ነው።»

«መልካቸውም እርስዎን ይመስላል?»

«መንታ ነን» አለ ሞሪኦ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ሴትዮዋ ፈገግታዋን በወጉ ዋጥ አድርጋ፣ እንግዲያውስ በእርስዎ ቆዳ ላይ የሞከርነው ለወንድምዎም ይሆናል አለችው። ብዙ ጠርሙስ አላሳየችውም፤ ሁለት ብቻ አቀረበችና ከአንዱ በግራ እጁ አንጓ፣ ከሌላው በቀኙ ላይ ረጨችለት። ሞሪኦ ወደብ ላይ እንደለመደው ጎንበስ ብሎ ሳብ አደረገ። የግራው ሳሙና ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥጥ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ብርድ ብርድ የሚል ነገር አለው። የቀኙ የዩዙ ሎሚ ልጣጭ ነው፤ ሎሚው ሲላጥ ዓይን ላይ የሚረጨው ያ ጎምዛዛ፣ ከእሱ ጋር በጣት የታሸ አረንጓዴ ቅጠል፣ ከሥር ደግሞ ዝናብ የነካው ድንጋይ። ሁለቱም ደስ ይላሉ። የትኛው ለእሱ እንደሚሆን ግን ጨርሶ ጠፋው። የሰው ሁሉ ዓሣ የሚለየው አፍንጫ የባለቤቱን ጠረን አያውቀውም፤ ምኑን ከምኑ ያዛምድ?

ሻጯን ጠየቃት። ሁለቱም ይስማማዎታል አለችው። የትኛው ይበልጣል አላት። ሁለቱም በየራሳቸው አለችው። ይኼን መልስ ሞሪኦ ራሱ ስንት ጊዜ ለደንበኛ መልሶታል፤ እሱ ላይ ሲደርስ ነው የመረረው። በመጨረሻ አዝናለት ይሁን ሰልችታው፣ ሽቶ ሙቀት ውስጥ ነው እውነቱን የሚናገረው፣ ሁለቱንም እንደተቀቡ ይሂዱ፣ ወጣ ብለው በፀሐይ ይዞሩና በነገታው ይወስናሉ ብላ ሸኘችው።

በአውቶቡስ ሲመለስ ቀኝና ግራ እጁን እንደ በሽተኛ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሰዉን ማየት ጀመረ። አንዲት ሴት ከፊቱ ተነስታ ወደ በሩ ተጠግታ ተቀመጠች። የትኛው እጄ ነው ያባረራት ብሎ ተጨነቀ። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። አንድ ሽማግሌ ወደ እሱ ዞሮ አየውና ፈገግ አለ። ሞሪኦ የልብ ልብ ተሰማው፤ ግን ሽማግሌው ለመስኮቱም ለሹፌሩም እንዲሁ ፈገግ ሲል አየው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ነገር የሚነግረው አልተገኘም።

ቤት ሲደርስ ፀሐዩ ወንፊቶቹ ላይ አናት በአናት ወርዶ ነበር። አጂዎቹ መገልበጫቸው ደርሷል። እጅጌውን ጠቀለለና ሳያስበው፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው፣ አንድ በአንድ ያገላብጣቸው ጀመር። አንድ ሙሉ ወንፊት ጨርሶ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቶኪኮ ከኋላው መጣች። ቆመች። ጎንበስ ብላ አንዱን ዓሣ አነሳችና አሸተተች፤ ሌላውንም አሸተተች።

«ጋሼ፣ ይኼ ዓሣ ሠርግ ተጠርቷል እንዴ?»

ሞሪኦ እጁን ቀና አድርጎ አየና ወሽመጡ ተቆረጠ። ከአባቱ ጀምሮ ከዚያ ቤት ሽቶ ሽቶ የሚል ዓሣ ወጥቶ አያውቅም። ቶኪኮ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። የተበላሸውን ወንፊት አንስታ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው። ይኼን እኛው እንበላዋለን፣ ሆዳችን እንኳ ይጽዳ አለች። ተመልሳ መጥታ ወንፊቱ አጠገብ ባለው የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠች፤ እሱንም አስቀመጠችው። ባንክ ቤት የሚባለው ነገር ሐሰት መሆኑን ከሸሚዙ እንዳወቀች ነገረችው። እሱም የደበቀውን ሁሉ አወጣው፤ ርችቱንም ጭምር።

ቶኪኮ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ» አለች፤ «አንተ የፈራኸው መሽተትህን አይደለም። ሽታ ባይገኝብህ ሌላ ሰበብ ታገኝ ነበር። እምቢ ትለኛለች ብለህ የምትፈራ መስሎሃል። እኔ ግን አውቅሃለሁ፤ እሺ ትለኛለች ብለህ ነው የፈራኸው።»

  ሞሪኦም፣ እሺ ካለችኝ ያኤን ከቤት ያስወጣኋት ይመስለኛል አላት። ይኼን ቃል ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር።

«ያኤ ርችት ነፍሷ ነበር» አለች ቶኪኮ። «መስኮቱን የዘጋኸው አንተ ነህ። እሷ ብትሆን እንኳን መስኮት፣ ጣሪያውንም ታስከፍት ነበር።»

ሁለቱም ያኤ ስትቆጣ ምን ትመስል እንደነበር አስታወሱና ሳይወዱ ሳቁ። ሞሪኦ ዓይኑን በክርኑ ጠረገ፤ በእጁ እንዳይጠርግ ሽቶው አለበት። ደረቱ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ነገር ቀለል አለው፤ ይኼን ያህል ከባድ እንደነበረ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

እንዲህ ተቀምጠው ሳለ የሱቁ በር ተንሸራተተ። ቶኪኮ ደንበኛ መስሏት ተነስታ ሄደች፤ ወዲያውም ተመለሰች። ከኋላዋ ጃንጥላዋን እያጠፈች ሚሳኦ መጣች። በላብ የረጠበ ግንባሯን በመሐረብ አበስ አድርጋ፣ ሞሪኦ ፊት ቆማ በጣም ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። እሱም ደንግጦ ተነስቶ ዝቅ አለ። ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ሳይታወቅ ጥቂት ቆዩ። ቶኪኮ ቢላዋ ትስላለች በሚል ሰበብ ወደ ውኃ ገንዳው ፈቀቅ አለች፤ ጆሮዋን ግን ይዛ አልሄደችም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለች ሚሳኦ። «ባል የሌለኝ ሴት ሆኜ ሚስት ለሌለዎት ለእርስዎ ስጦታ መላኬ ድፍረት ነበር። ዝም ሲሉኝ ገባኝ። ስፖርቱንም በእኔ ምክንያት እንደተዉት ገባኝ። እኔ እቀራለሁ፤ እርስዎ ይምጡ።»

ሞሪኦ ደነገጠ። እሱ በሳሙናው ሲቃጠል እሷ በዝምታው ስትቃጠል መክረሟን እስከዚህ ሰዓት አንዴም አላሰበም። አፍረው የተቀመጡት ሁለት ሆነው ሳለ እሱ አንድ ብቻ ቆጥሮ ነበር። በዚያ ድንጋጤ መሐል ስንት ቀን ያመነዠከው ነገር ሳይመረጥና ሳይለሰልስ ከአፉ ወጣ።

«ሳሙናውን የላኩልኝ ስለምሸት መስሎኝ ነው።»

ሚሳኦ አልገባትም፤ እንዲደግመው ጠየቀችው። ደገመው። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ሊስቅ ያለ ሰው ፊት ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ አዘነ።

«ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እንኳ አላነበቡትም? የካሜሊያ ዘይት ያለበት ሳሙና ነው፤ ለእጅዎ ነው። ጠዋት እጅ ወደ ላይ ሲባል መዳፍዎን አያለሁ፤ ጨው ሰነጣጥቆታል። ሲያዩት ያማል።»

ሞሪኦ መዳፉን ገልብጦ አየ። እሱ አፍንጫዋን ሲፈራ እሷ እጁን ስታይ ነበር። ደስታው ድንገት ከመምጣቱ የተነሳ ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ ከሁሉ ነገር መርጦ ያልተፈለገውን ጠየቀ፦ «እንግዲያው አልሸትም?»

«ይሸታሉ እንጂ» አለች ሚሳኦ ሳታቅማማ። «ዓሣ ዓሣ ይላሉ። ዓሣ የሚሠራ ሰው ሌላ ምን ይበል?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ከገንዳው በኩል የቢላዋው መሳል ቆመ። ሞሪኦ ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ቀና እያለ በጥቅሻ ሲኖር፣ አንድ ሰው እንዲህ ፊት ለፊት ትሸታለህ ብሎት እንዲህ እንደማይከፋው ጠርጥሮ አያውቅም። እንዲያውም አሳረፈው። ይቺ ሴት ከጠየቃት እውነቱን ትናገራለች፤ እንግዲህ መጠየቅ ነው የቀረው። ወንፊቱን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገና፣ ስለ ገበያ ሕንፃው፣ ስለ መንታ ወንድሙ፣ ስለ ሁለቱ እጆቹ ነገራት። ከዚያ ሳያቆም፣ ካቆመ እንደማይቀጥል ስለሚያውቅ፣ የመጨረሻውን ጨመረ።

«የወንዙ ርችት ቀን አንዱን ልቀባ ነበር ያሰብኩት። ከእኔ ጋር ሆነው ያዩ እንደሆነ ብዬ። የትኛው እንደሚሻል ግን ለራሴ አልታወቀኝም።»

ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋላት።   ሚሳኦ ጃንጥላዋን ከወንፊቱ ጥግ አስደግፋ ጠጋ አለችና በግራ እጁ ላይ ጎንበስ አለች።

«ይኼ ሱቄን ሱቄን ይላል» አለች። «ቀኑን ሙሉ የተተኮሰ ልብስ ሳሸት ውዬ፣ ማታም ይኼንኑ?»

ወደ ቀኙ ዞረች። እዚያ ጥቂት ቆየች። የሎሚው ጉምዘዛ በሙቀቱ ለዝቦ፣ ቅጠሉና የረጠበው ድንጋይ ብቻ ቀርተው፣ ከሥራቸው አጂውም ሳይኖር አልቀረም። ቀና ስትል ጉንጯ ቀልቶ ነበር፤ ዓይኗን ግን ከዓይኑ አልነቀለችም።

«በቀኝዎ በኩል እቀመጣለሁ» አለች።

ሞሪኦ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቀኝ እጁን ውኃ አላስነካውም፤ የቀሩትን ዓሣዎች እያጉረመረመች ያገላበጠቻቸው ቶኪኮ ናት።